የጋፋት ነሐስ

ከጣራ ገዳም ወርዶ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ መንገደኛ ከከተማው አጠገብ ጋፋትን ያገኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን መድፍ ያሠሩት በዚሁ ስፍራ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ክብደቱና በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ ስለ ተጐተተበት መንገድ ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ ተሠራበት ነገር ግን የሚናገር ጥቂት ነው።

ነሐስ መዳብና ቆርቆሮ ቀልጠው የተቀላቀሉበት ነው። ሁለቱ እያንዳንዳቸው ንጥረ ነገር ናቸው፤ ነሐስ ግን ውሁድ አይደለም፤ ሠሪው መጠኑን እንደ ፈለገ ይለውጠዋልና። መዳብ ብቻውን በ1,085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ቆርቆሮ ሲገባበት ከዚያ ባነሰ ሙቀት ይፈሳል፤ ሲቀዘቅዝም ከመዳብ ይልቅ ይጠነክራል። ባሩድም እንዲሁ ድብልቅ ነው፤ ይኸውም ከሰል፣ ድኝና ፖታሲየም ናይትሬት የተባለው ጨው ነው። አየር በሌለበት በመድፍ ሆድ ውስጥ የሚነደው ኦክሲጅኑን ከጨው ስለሚያገኝ ነው፤ አዳዲስ ውሁዶች የሚወለዱትም ያን ጊዜ ነው።

ዋልድማየርና ጓደኞቹ ሚሲዮናውያን እንጂ መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም፤ ሥራውን በሙከራ ተማሩት። አብረዋቸውም የአገር ሰዎች ሠርተዋል። በእኔ አስተያየት ታሪካችን የበደለው እነዚህን ነው፤ ቀጥቃጩን «ቡዳ» እያለ ሲያርቅ የኖረ ሕዝብ እውቀቱን ሊጽፍለት አላሰበም።

ሜንዴሌዬቭ የንጥረ ነገሮችን ሠንጠረዥ ያወጣው በ1861 ዓ.ም.፣ ከመቅደላ ውጊያ በኋላ ዓመት ሳይሞላ ነው። ሴባስቶፖል በዚያ ጊዜ መቅደላ አምባ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ዛሬም እዚያው አለ።