ሳይመረቁ ማስተማር

በአገራችን የመምህርነት ታሪክ ውስጥ ከዘመን ወደ ዘመን ሲወርድ ሲዋረድ የኖረ አንድ ልማድ አለ፤ ይኸውም ሰው መማሩን ሳይፈጽም ማስተማር መጀመሩ ነው። በደብር ቅጽር ውስጥ ዳዊት የደገመው ልጅ ፊደል ለሚቈጥረው ታናሹ መምህር ሆኖ ሲገኝ፣ ከአምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ በኋላ ጥቂት ክፍል የዘለቀ ወጣት ለጀማሪዎች ጠመኔ ሲያነሣ፣ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪውን ሳይቀበል ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ በሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ፊት ሲቆም፣ ነገሩ በመልኩ ቢለያይም በመሠረቱ አንድ ነበር። የሚለያየው አዲሱ መምህር በሚሳሳትበት ጊዜ ስሕተቱን ሰምቶ የሚያቃናለት ሰው በአጠገቡ በመኖሩና ባለመኖሩ ነው፤ እኔም እንደሚመስለኝ የየዘመኑን ትምህርት ቤት ለመመዘን ከዚህ የተሻለ ሚዛን አይገኝም።

የአብነት ትምህርት ቤቱ በዕድሜ ይቀድማልና ከእርሱ እንጀምር። በአንድ የንባብ ቤት ሠላሳ ወይም አርባ ልጆች ከዛፍ ጥላ ሥር ሲሰበሰቡ፣ አንዱ ገና ሀሁን በስንደዶ እያመለከተ ይቈጥራል፤ ሁለተኛው ከአቡጊዳ ላይ ደርሷል፤ ሌላው ፊደለ ሐዋርያን፣ ሌላውም ወንጌለ ዮሐንስን በውርድ ንባብ ይያያዘዋል፤ ከሁሉም የበረታው መቶ ኀምሳውን መዝሙረ ዳዊት በቁም ንባብ ያወርደዋል። ለዚህ ሁሉ ልጅ የኔታ አንድ ናቸውና፣ ዳዊት ደጋሚው ለወንጌል አንባቢው፣ ወንጌል አንባቢው ለፊደል ቈጣሪው መምህር ይሆናል። የኔታ ከግድግዳው ጥግ አጐዛቸው ላይ ተቀምጠው የተፈታ መጽሐፍ ይደጉሳሉ ወይም ብራና ይፍቃሉ፤ ከየኔታዎችም መካከል ዓይነ ስውራን የነበሩ ጥቂቶች አይደሉም። እጃቸው ከሥራቸው፣ ጆሮአቸው ግን ከልጆቹ አፍ አይለይም። ሕፃኑ ፊደሉን በዓይኑ ሳይለይ በቃሉ ብቻ ሲያንበለብለው፣ ትንሹ መምህርም ይህን ሳያስተውል ሲያሳልፈው፣ ከወዲያ ጥግ «ተመለስ! ከታች ወደ ላይ አስቈጥረው!» የሚል ድምፅ ይመጣል። በዚህ ጊዜ የሚታረመው ቈጣሪው ብቻ አይደለም፤ አስቈጣሪውም ጭምር ነው፤ ያውም ከእርሱ በሚያንሰው ልጅ ፊት።

በቅኔ ቤትም ሥርዓቱ ይኸው ነው። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ በዋድላም ሆነ በሌላው ጉባኤ፣ ተማሪው በየዱሩ ተቀምጦ የቈጠረውን ቅኔ ከመምህሩ ፊት ከማቅረቡ አስቀድሞ ለአስነጋሪው ያሰማል፤ አስነጋሪው ቤት መምታቱን፣ የሰሙንና የወርቁን ስምምነት መርምሮ ያቃናለታል፤ የአስነጋሪውን ማቃናት ደግሞ መምህሩ መልሰው ያቃኑታል። በዚህ ዓይነት ዓመታት ካለፉ በኋላ መምህሩ «በቃህ፤ ሂድና ወንበር ዘርጋ» ብለው መርቀው ሲያሰናብቱት፣ ያ ሰው በስም አዲስ መምህር ቢባልም በገቢር ግን ለብዙ ዘመን ሲያስተምር የኖረ ነው። ይህን ማለቴ የአብነቱን ትምህርት ቤት ያለ ነቀፋ ለማወደስ አይደለም። አለንጋውና ለሚኰበልል ልጅ ይገባለት የነበረው የእግር ብረት፣ ትርጓሜው ሳይነገር በቃል የሚጠናው ግእዝም ስንቱን ሕፃን ከገበታ እንዳሸሸ የሚያውቅ ያውቀዋል። ነገር ግን ጀማሪ መምህርን በማሳደግ ረገድ ከእርሱ በኋላ የመጣው ሁሉ የሚስተካከለው ሆኖ አልተገኘም።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ቤተ ክህነቱ የአውሮፓ መምህራን ሃይማኖት ያፋልሳሉ ብሎ ሰግቶ ስለ ነበር፣ ነገሩን ለማስማማት መምህራኑ ከግብፅ ቅብጦች ተመርጠው በሐና ሳሊብ የበላይነት መጡ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውም የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ተቈጣጣሪነት ሥራውን ሲጀምር የውጭ አገር መምህራን ነበሩበት። አማርኛውና ግእዙ ግን ለአገር ሊቃውንት መተው ግድ ነበርና፣ የጉባኤ ቤት ሰዎች ከአጐዛቸው ተነሥተው ወደ ጥቁር ሰሌዳው መጡ። ከደብረ ኤልያስ የወጡት ባለቅኔ ዮፍታሔ ንጉሤ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት በመምህርነት ሲሠሩ ተማሪዎቻቸውን መዝሙርና ቲያትር ያስጠኑ ነበር፤ ይህም የቅኔ ሰው በደወል በሚከፈልና በደወል በሚዘጋ ሰዓት ውስጥ ጥበቡን የሚያኖርበትን ስፍራ ፈልጎ ማግኘቱን ያሳያል።

ከዚያ ወረራው መጣ። ጠላት ትምህርት ቤቶቹን ዘጋ፣ በተለይም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ የተማረውን ወጣት እያሳደደ ፈጀ፤ ስለዚህ በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ የተረፈው መምህር እጅግ ጥቂት ነበር። በ1930ዎቹ አጋማሽ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ የተጀመረው የመምህራን ማሠልጠኛ ወደ ጉለሌ፣ በ1940ዎቹ አጋማሽም ወደ ሐረር ተዛወረ። በማሠልጠኛው የማስተማር ልምምድ የሚባል ነገር ነበር፤ ሠልጣኙ ሲያስተምር መምህሩ ከክፍሉ ኋላ ተቀምጦ ይሰማል፣ በማስታወሻውም ይጽፋል። የየኔታ ጆሮ በከፊል ተመለሰ ማለት ይቻላል፤ ሆኖም ሠልጣኙ ምስክር ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ አውራጃው ከሄደ በኋላ ያ ጆሮ የት ይገኛል?

የሁለተኛ ደረጃው ችግር ግን ከአንደኛው ይከፋ ነበር። በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ዲግሪ ያለውን ጥቂት ሰው የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች ይሻሙት ነበርና፣ ክፍሉ በሕንድና በሌሎች የውጭ መምህራን ይያዛል። በ1955 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ጥቂት አማርኛ የተማሩ፣ ሦስት መቶ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች መጥተው በየአገሩ ተሰማሩ፤ አብዛኞቹም ከዚያ በፊት አስተምረው አያውቁም። የባዕድ አገር ወጣት ይህን ያህል መንገድ ተጉዞ ሲያስተምር፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ባለው ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የራሳችን ልጅ ስለ ምን ይቀመጣል የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አልቀረም። በዚህም ጊዜ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም ተማሪ ከመጨረሻው የትምህርት ዘመኑ አስቀድሞ አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት እንዲያገለግል፣ ይህንም ካልፈጸመ ዲግሪውን እንዳይቀበል ወሰነ። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለው ይህ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የተመደቡ ቢኖሩም የብዙዎቹ ዕጣ ማስተማር ሆነ።

ያ ወጣት ክረምቱ ሲወጣ ሻንጣውን ከአውቶቡስ ጣሪያ አውርዶ፣ ጭቃውን ረግጦ ዲሬክተሩ ቢሮ ሲገባ፣ የተማረው ታሪክ ሆኖ ሳለ የሚሰጠው የክፍለ ጊዜ ድልድል ሳይንስና ሒሳብ የሚል ሊሆን ይችላል። «ምን እናድርግ፤ ሰው የለንም» ይባላል። በማግሥቱ የመኪና ቸርኬ በብረት ተመትቶ ሲያቃጭል ክፍል ይገባል፤ ሃምሳ ወይም ስድሳ ልጅ ብድግ ይላል፤ ከኋላ መቀመጫ ካሉትም ጢም ያቀመቀሙ፣ በዕድሜ ከእርሱ የማያንሱ ይገኙባቸዋል፤ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በዚያ ዘመን ሁልጊዜ ልጅ አልነበረምና። ወጣቱ የሚያውቀው አንድ ዓይነት ማስተማር ብቻ ነው፤ የዩኒቨርሲቲው መምህር ሲያስተምሩ ያየውን። እንደዚያው አድርጎ ሌሊት በፋኖስ ያሰናዳውን በእንግሊዝኛ ያወርደዋል፤ ለአርባ ደቂቃ ያዘጋጀው በሩብ ሰዓት ያልቅበታል። ከዚያ ጠመኔውን ይዞ ይቆማል። «ገባችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «የስ ሰር!» ይላል።

አንድም አልገባቸውም። ከ1956 ዓ.ም. ወዲህ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያለው ትምህርት በአማርኛ ሆኖ ነበርና፣ ሰባተኛ ክፍል የደረሰው ተማሪ እንግሊዝኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ተማረ እንጂ ሌላውን ዕውቀት በእርሱ ተቀብሎ አያውቅም። አሁን ግን ጂኦግራፊውም ሳይንሱም በድንገት በባዕድ ልሳን ይመጣበታል፤ በስምንተኛ ክፍል መጨረሻም ሚኒስትሪ የተባለው አገር አቀፍ ፈተና ይጠብቀዋል። አዲሱ መምህር ይህን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ፈተና ሲያርም ነው። ተማሪዎቹ ከሰሌዳው የገለበጡትን ኖት ነጥብ ሳያስቀሩ በቃላቸው ይዘውታል፤ መምህሩ በችኰላ ሲጽፍ አንዲት ፊደል የገደፈ እንደ ሆነ፣ ያቺው ግድፈት ከአለቃው ወረቀት እስከ መጨረሻው ተማሪ ወረቀት ድረስ ሳትዛነፍ ትገኛለች። በአብነት ትምህርት ቤት ቢሆን ይህች ግድፈት ከአፉ ከመውጣቷ «ተመለስ!» በተባለች ነበር፤ እዚህ ግን በሩ ዝግ ነው፣ ዲሬክተሩ ራሱ ሌላ ክፍል ያስተምራል፣ ተቈጣጣሪውም ቢመጣ በዓመት አንድ ጊዜ ነው።

መድኃኒቱ አማርኛ ይመስላል፤ ብዙዎቹም ወደዚያው ሸሹ። በሲዳሞ፣ በወለጋ፣ በባሌ፣ በትግራይ የተመደበው ግን አማርኛውም ለተማሪው ሁለተኛ ልሳን መሆኑን ተረዳ። እንግዲህ ነገሩን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ልጁ የአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚያሻግር ድልድይ ያስፈልጋል፤ ድልድዩም ከራሳቸው ከተማሪዎቹ መካከል ከኋላ መቀመጫ ተነሣ። ፈጥኖ የገባው፣ በዕድሜም የጠና ተማሪ ለጓደኞቹ በገዛ ቋንቋቸው ያብራራላቸዋል፤ መምህሩ ከሰሌዳው አጠገብ ቆሞ ፊታቸውን ይመለከታል፤ ግራ የገባው ፊት ሲያይ እንደ ገና ያስደግማል። ያገለገሉት ሰዎች ስለዚያ ዓመት ሲያወጉ፣ ማስተማር የጀመርሁት ያን ጊዜ ነው የሚሉ አጋጥመውኛል። ከዩኒቨርሲቲ የወጣው ወጣት ሳያውቀው የአብነቱን ሥርዓት መልሶ አቆመ፤ ይህን ከማናቸውም የሥነ ትምህርት መጽሐፍ አላገኘውም።

ከክፍሉ ውጭ የነበረውን ኑሮ በአጭሩ ልለፈው። ሹሙም ቄሱም ነጋዴውም ያከብሩታል፤ አቤቱታ ያጽፉታል፤ የማታ ትምህርት እንዲከፍት ይለምኑታል፤ በጠላ ቤት ቢታይ ግን በማግሥቱ ከተማው ሁሉ ያወራዋል። ተማሪዎቹ ከገጠር የመጡ፣ በአንዲት ክፍል ለአራት ለአምስት ተከራይተው፣ ወላጅ በላከው በሶና ዳቦ ቆሎ የሚያድሩ መሆናቸውን አይቶ ከደመወዙ ቀንሶ ደብተርና እርሳስ የገዛ ብዙ ነው። የጭሰኛውንም ኑሮ በመጽሐፍ ሳይሆን በተማሪው አባት ላይ አየው። «መሬት ለአራሹ» የሚለው ድምፅ በየካቲት 1957 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲወጣ ገና አሳብ ነበር፤ አገልግለው ለተመለሱት ግን የሚያውቁት ሰው ጉዳይ ሆነ። ስለ ተማሪዎች ንቅናቄ የተጻፈው እጅግ ብዙ ስለሆነ በዚህ ላይ አልጨምርም፤ ያ ዓመት በንቅናቄው ምክንያት ብቻ መታወሱን ግን አልወደውም።

ስለ አገልግሎቱ የእኔን ፍርድ ልናገር። ከተማሪው ይልቅ የተጠቀመው መምህሩ ነው። ወጣቱ እስከ ገና ድረስ ሲደናገር፣ ከጥምቀት በኋላ ሲቃና፣ ከፋሲካ ወዲያ ማስተማር ሲለምድ ሰኔ ይደርስና ይሄዳል፤ በመስከረም ሌላ ጀማሪ መጥቶ ያንኑ ግድፈት ከመጀመሪያው ይጀምረዋል። ለመምህሩ አንድ የልምምድ ዓመት የሆነው፣ ከሰባተኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ለሚማረው ልጅ በየዓመቱ የሚታደስ ልምምድ ነበር። እርግጥ ነው፤ ያ ወጣት ባይመጣ ኖሮ በብዙ ስፍራ ክፍሉ ያለ መምህር ይቀር ነበር፤ ይህንም ያልመሰከረ ፍርድ ያዳላል። ነገር ግን ተሰናባቹ ለተተኪው አንድ ሳምንት እንኳ ከኋላ መቀመጫ ተቀምጦ እንዲሰማው የሚያደርግ ሥርዓት ማቆም ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አልነበረም።

በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ስድሳ ሺህ የሚሆኑ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ሲያዘምት አገልግሎቱ በዚያው ተዋጠ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ጀማሪ አስተማሪዎችን ከቀድሞው በሚበልጥ ብዛት አሰለፈ፤ መማሪያውንም በመጀመሪያ በአምስት፣ ኋላም በዐሥራ አምስት ቋንቋዎች አድርጎ፣ የቀድሞው የሰባተኛ ክፍል መምህር ብቻውን የታገለውን ችግር በግልጽ ተቀበለው።

በ1957 ዓ.ም. ወደየጠቅላይ ግዛቱ የወረዱት ወጣቶች ዛሬ በሕይወት ካሉ ዕድሜያቸው ሰማንያን ተሻግሯል። ብዙዎቹ ስለ ፖለቲካው ጽፈዋል፤ ስለ ሰሌዳው የጻፉት ግን ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ እናንተ ያገለገላችሁ አባቶችና እናቶች፣ በሣጥናችሁ ውስጥ የዚያ ዓመት የትምህርት ዕቅድ ደብተር፣ የስም መጥሪያ፣ ከተማሪ የተላከ ደብዳቤ ቢኖራችሁ እንዳትጥሉት፤ ያም ባይኖራችሁ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ብቻ፣ የተሳሳታችሁትን ሳትደብቁ ጽፋችሁ፣ ቀድሞ በተማራችሁበት ግቢ በገነተ ልዑል ላለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት አስረክቡ። የልጅ ልጆቻችሁም በእጃችሁ መጻፍ ከደከማችሁ እያዳመጡ ይጻፉላችሁ።