ስማቸው ያልተጻፈ ዘማቾች

ለገዳዲ ሲባል የአዲስ አበባ ሰው ትዝ የሚለው ውሃ ነው። ከተማው ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ከዚያ ግድብ ሲጠጣ ኖሯልና። እኔ ግን ዛሬ የማነሣው የውሃውን ሳይሆን የመንገዱን ነገር ነው።

የፋሺስት ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው በዚሁ በደሴ መንገድ ነበር። ከዚያ በፊት ጣርማ በር ላይ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች፣ እነክፍሌ ነሲቡ፣ ሊገቱት ሞክረዋል። ጫጫ ላይ ኃይለ ማርያም ማሞ አደጋ ጥለውበታል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 21 ቀን አርበኞች ከተማይቱን ሲያጠቁ ከመሪዎቹ መካከል ደጃዝማች ፍቅረ ማርያምና አበበ አረጋይ ነበሩበት። እነዚህን ስሞች እናውቃለን። ለመሆኑ ከኋላቸው የተሰለፈው ገበሬ፣ ስንቅ የተሸከመችው ሴት፣ ስማቸው ማን ነበር?

ስሙ የጠፋው ሰው ውለታ ቢስ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። የያኔው ዘማች ደመወዝተኛ አልነበረም። ክተት ሲታወጅ ስንቁን ቋጥሮ ከአለቃው ኋላ ይሄዳል። መዝጋቢ የለ፣ መዝገብ የለ። ቢሞት የሚያውቀው አጠገቡ የነበረው የአገሩ ልጅ ነው። እሱም ከወደቀ መርዶ ነጋሪ የለም።

ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ ከዘመተው የቃኘው ሻለቃ ጋር እናስተያየው። ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣ መደበኛ ጦር ስለነበረ እያንዳንዱ ወታደር በመዝገብ ሰፍሯል። ከ120 በላይ የሚሆኑት የሞቱበት ታወቀ፤ አስከሬናቸውም አገር ቤት ገብቶ አረፈ። ልዩነቱ የጀግንነት አይደለም፤ የወረቀትና የቀለም ነው።

በ1969 ዓ.ም. ደግሞ ከየገበሬ ማኅበሩ የተመለመለው ሚሊሺያ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ወደ ኦጋዴንና ወደ ሰሜን ተጓዘ። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ልጇ ይሙት ይኑር ሳታውቅ በር በሩን የምታይ እናት በየመንደሩ ቀርታ ነበር። መርዶ ያልተነገረው ሐዘን ደግሞ ተዝካር አይወጣለትም፤ አያልቅም።

በባላገር ዘንድ የሟች ስም የሚኖረው በሙሾና በተዝካር ነው። አልቃሿ ስታልፍ ግጥሙም አብሯት ይቀበራል። በለገዳዲ ዙሪያ ጉዳዩን የሚያጣድፈው ሌላም ምክንያት አለ። ለገጣፎ ለገዳዲ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልሏል፤ እርሻው በቤት እየተተካ ነው። ገበሬው ከመሬቱ ሲነሣ ጎረቤቱም ይበተናል። «ይህ የእገሌ ልጅ ነው፤ እዚህ ቦታ ወደቀ» የሚል ምስክርም አብሮ ይሄዳል።

የምለው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ሐውልት ቢቆም መልካም ነው፤ ግን የየካቲት 12 ሐውልት እንኳ ግፉን እንጂ እያንዳንዱን ሟች በስሙ አይነግረንም። በየመንደሩ እድር አለ፤ እድር ጸሐፊ አለው፤ ጸሐፊውም መዝገብ ይዟል። ከመዝገቡ ጥቂት ገጽ ለዘማቾች ይሰጥ። በማን መንግሥት ዘመተ፣ በየትኛው ወገን ቆመ ሳይባል የሞተውም፣ የተመለሰውም፣ የደረሰበት ያልታወቀውም በስሙ ከነአባቱ ይጻፍ። የማይጨው ዘማቾች አልፈዋል። የታጠቅ ምልምሎች ግን ሽማግሌ ሆነው አሉ። ልንጠይቃቸው የምንችለው አሁን ነው።