«ፈጥኖ ደራሽ»፦ የአንድ ስም ታሪክ

በ1950ዎቹ የወጡ የአማርኛ ጋዜጦችንና መጽሔቶችን የሚያገላብጥ አንባቢ «ፈጥኖ ደራሽ» ከሚለው ስም ላይ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ሳያስተውለው ያልፋል። ስሙ የፖሊስ ሠራዊት አንድ ክፍል መጠሪያ ነው፤ ሰፈሩም በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ ኮልፌ ነበር። ይሁን እንጂ ቃሉ ወደ ኮልፌ ከመምጣቱ በፊት ሌላ ቤት ነበረው።

ምእመናን ቅዱስ ጊዮርጊስን ሲማፀኑ «ፈጥኖ ደራሽ» ይሉታል። ጭንቅ የያዘው ሰው «ድረስልኝ!» ብሎ ሲጮኽ ሳይዘገይ የሚደርስለት ማለት ነው። «ለወገን ደራሽ ወገን ነው» የሚባለውም በዚሁ ስሜት ነው። «ደረሰ» ሰፊ ግስ ነው። እህል ይደርሳል፤ እንግዳ ይደርሳል፤ ድንገት የሚወርድ ጐርፍ ደራሽ ውኃ ይባላል። የእኛም ሙያ ድርሰት፣ ባለሙያውም ደራሲ ሲባል ድምፁ ከዚሁ ግስ ጋር ይዛመዳል፤ ዝምድናው ያስደስተኝ ወይም ያሳስበኝ እንደሆነ ገና አልቈረጥሁም።

ከሁሉ ይልቅ ማስተዋል የሚገባው የግሱን ቅጥያ ነው። «ደረሰለት» ስንል ሰውየው ዳነ፤ «ደረሰበት» ስንል መዓት ወረደበት፣ ወይም አሳዳጁ ያዘው። ሁለቱን ቃላት የሚለያቸው አንድ ፊደል ብቻ ነው። «ደራሽ» የሚለው ስም ግን ይህን ፊደል ውጦ ያስቀራል። ለማን ይደርሳል? በማንስ ላይ? ስሙ አይናገርም። በጸሎት ላይ መልሱ ከጸላዩ አፍ ይገኛል፤ በዜና ላይ ግን የጠራው ሰው አይታይም።

ይኸው ጦር በእንግሊዝኛ ሲጠራ ስሙ ሌላ ነው። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ኮልፌ ገብቶ በዚሁ ሰፈር የውትድርና ትምህርት ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ቦታውን የሁከት ተከላካይ ሻለቃ መምሪያ ብሎ ይጠራዋል። እንግዲህ እንግሊዝኛው ጦሩን የሰየመው በሚበትነው ሕዝብ ነው፤ አማርኛው ግን በሚታደግ ሰማዕት ስም። በእኔ አስተያየት እንግሊዝኛው ደረቅ ቢሆንም እውነቱን አልሸፈነም።

አማርኛው ሁከቱን ከስሙ ቢያወጣውም በሌላ ቃል ጽፎታል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መንግሥት ለመገልበጥ ተነሡ። ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ነበሩ። ሚኒስትሮችና መሳፍንት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው ብዙዎቹ ተገደሉ። ይህ ሁሉ ደም የፈሰሰበት ነገር ስሙ እስከ ዛሬ «የታኅሣሥ ግርግር» ነው። ግርግር እኮ የገበያ ቀን ትርምስ፣ ለሌባ ይመቻል የሚባልለት ነው! ነገሩ ግርግር ከተባለ ዘንድ ያስነሣው ጥያቄ ምን እንደ ነበረ የሚጠይቅ አይኖርም፤ የሚቀረው ደራሹን መጠበቅ ብቻ ነው።

ያ ቤተ መንግሥት ከአንድ ዓመት በኋላ ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ወጡ። «አራሹ» እና «ደራሹ» ቤት ይመታሉ፤ ይህን ገጣሚ ሁሉ ይሰማዋል። ልዩነቱ ግን ከ«ለ» ላይ ነው። ተማሪዎቹ ነገሩ ለማን እንደ ሆነ በአንዲት ፊደል ተናገሩ፤ በዚያ ዘመን ሰልፍ ለመበተን ይላክ የነበረው ጦር ስም ግን ያችው ፊደል የጐደለችው ነበረች።

የፈጥኖ ደራሹ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ታደሰ ብሩ ዕድላቸው ከስሙ ጋር አልሄደም። በታኅሣሡ ነገር ከዙፋኑ ጎን ቆመው ነበር። በኋላ በሜጫና ቱለማ ማኅበር ተሳትፏቸው ምክንያት ያው ዙፋን አሰራቸው፤ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ደርግ ገደላቸው።

ስሙ ግን ሥራ አልፈታም። በ2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ የአማርኛ ዜና አቅራቢዎች ከመደበኛው ጦር ጋር የሚዋጋውን ኃይል «ፈጥኖ ደራሽ» ብለው ተረጐሙት። የዐረብኛው ስም ትርጉም «የፈጣን ድጋፍ ኃይል» ነው። ድጋፉ ለማን እንደ ሆነ ዐረብኛውም አይናገርም።