«ፕሮፕ» የተባለው ቃል ታሪክና የአማርኛ አቻው

ከጥቂት ጊዜ በፊት ለአስተያየት ከቀረቡልን የትርጉም ሥራዎች መካከል ለምግብ ማስታወቂያ ፎቶግራፍ የተዘጋጀ አንድ የሥራ ውል ይገኝበታል። በእንግሊዝኛው «ፕሮፕ» የተባለው ሁሉ በአማርኛው «ማስመሰያ» ሆኗል። በሌላ አንቀጽ ደግሞ አሠሪው ማስመሰያ ያለበትን ፎቶግራፍ እንደማይቀበል ተደንግጓል። መሶቡን፣ ጀበናውንና ሲኒውን ያከራዩት ወይዘሮ ዕቃቸው በዝርዝሩ ላይ «ማስመሰያ» ተብሎ ስለ ሰፈረ ኪራያቸው ተያዘባቸው። መሶቡ መሶብ፣ ጀበናውም ጀበና ነበር፤ ችግሩን የፈጠረው የስያሜው ምርጫ ነው።

በእንግሊዝኛ «ፕሮፕ» የሁለት ልዩ ልዩ ቃላት ቅርጽ ነው። አንደኛው ባላ ወይም መደገፊያ ማለት ነው። ሁለተኛው፣ እኛን የሚመለከተው፣ ንብረት የሚል ፍች ካለው «ፕሮፐርቲ» በ19ኛው ምዕተ ዓመት ያጠረ የቲያትር ሰዎች ቃል ሲሆን፣ ተዋንያን በመድረክ ላይ የሚገለገሉባቸውን ዕቃዎች ያመለክት ነበር። ቃሉ ወደ ፊልምና ወደ ማስታወቂያ ፎቶግራፍ ሲዛወር ከምግቡ ጎን የሚቀመጠውን ሳሕንና ጨርቅ፣ እንዲሁም በምግቡ ፈንታ የሚቀመጠውን ነገር በአንድነት ያጠቃልል ጀመር።

ይህ መደባለቅ በአሜሪካ እስከ ችሎት ደርሷል። ኮልጌት ፓልሞሊቭ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሠራው የቴሌቪዥን ማስታወቂያ «ራፒድ ሼቭ» የተባለው የጢም መላጫ አረፋ የብርጭቆ ወረቀትን ሳይቀር ወዲያው አለስልሶ ሲያስላጭ ይታያል። የታየው ግን አሸዋ የተነሰነሰበት ፕሌክሲግላስ ነበር፤ እውነተኛው ወረቀት እንዲላጭ 80 ደቂቃ ያህል መዘፍዘፍ ነበረበት። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ1965 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሲታይ፣ በመብራት ሙቀት በሚቀልጥ አይስክሬም ፈንታ የተደቆሰ ድንች ማሳየትም ሊከለከል ነውን የሚል ክርክር ተነሣ። ፕሬዚዳንቱ ዳኛ ኧርል ዋረን በጻፉት ውሳኔ፣ ድንቹ ስለ አይስክሬሙ ለተነገረው ማስረጃ ሆኖ ስላልቀረበ ጉዳዩ የተለየ መሆኑ ተገለጸ። ለኛ ሙያ የሚጠቅመው ውሳኔው ያንን ድንች «ፕሮፕ» ብሎ መጥራቱ ነው። ቃሉ በራሱ ጥፋትን አያመለክትም፤ ጥፋቱ የሚመዘነው በአገልግሎቱ ነው።

የካምቤል ሾርባ ማስታወቂያ ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበው። ሾርባ በሳሕን ሲቀመጥ አትክልቱ ይዘቅጥና ለካሜራ የሚታየው መረቁ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በ1960ዎቹ መጨረሻ ከሳሕኑ ሥር የብርጭቆ ብይ ተደርድሮ አትክልቱ ወደ ላይ ብቅ እንዲል ተደረገ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ይህ አሠራር የአትክልቱን ብዛት አጋንኖ ያሳያል በማለት ከሰሰ፤ ጉዳዩም እ.ኤ.አ. በ1970 በስምምነት ትእዛዝ ተዘጋ። እዚህ ላይ ሾርባው እውነተኛ ሾርባ፣ አትክልቱም እውነተኛ አትክልት ነበር፤ በሌላ ነገር የተተካ ምንም የለም። ብዩም አይታይምና ከሳሕንና ከጨርቅ ጋር ሊመደብ አይችልም። (በነገራችን ላይ፣ «ፕሮፕ»ን «መደገፊያ» ብሎ የሚሳሳት ተርጓሚ የሚቀናው በዚህ በብዩ ላይ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።)

እንግዲህ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል በአንድ የአማርኛ ቃል ይተርጎም የሚለው ልማድ እዚህ አያዋጣም። «ማስመሰያ» ከ«አስመሳይ» ጋር ሥሩ አንድ በመሆኑ፣ ሰሚው ዕቃውን ገና ሳያይ በዕቃው ባለቤት ላይ ይፈርዳል። በኛ አስተያየት በግልጽ የሚታየውና ምግቡን የሚያጅበው «አጃቢ ዕቃ»፣ በምግቡ ፈንታ የሚቀርበው «ምትክ»፣ እንደ ብዩ ያለው ደግሞ «ስውር መደገፊያ» ቢባል ይሻላል። «አሳሳች» የሚለውን ለሕግ እንተውለት፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 የከለከለው አሳሳች ማስታወቂያን እንጂ ዕቃን አይደለም። ሥራውን ለሚሠራው ባለሙያ «ምግብ አስዋቢ» ከሚለው ይልቅ «የምግብ ገጽታ አሰናጅ» የሚለውን እንመርጣለን፤ ማዕድ ይሰናዳል እንጂ አይኳልምና። «ስውር መደገፊያ» ርዝመቱ ለመዝገበ ቃላት እንደማይመች እናውቃለን፤ የተሻለ ያገኘ ባልደረባ ቢጽፍልን ደስ ይለናል።

በውሉ ላይ መሶቡ፣ ጀበናውና ሲኒው «አጃቢ ዕቃ» ተብለው እንዲታረሙ ጽፈን መልሰናል። የወይዘሮዋ ኪራይ መከፈሉን ግን እስካሁን አልሰማንም።