የፒርትስ መከላከያ፦ መሃሉን ለባላጋራ ለቅቆ የሚጀምር የቼዝ አጨዋወት

የፒርትስ መከላከያ ነጭ የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት አራምዶ ጨዋታውን ሲከፍት ጥቁር ከሚመርጣቸው አጀማመሮች አንዱ ነው። ስያሜውን ያገኘው ከስሎቬኒያዊው ግራንድ ማስተር ቫስያ ፒርትስ (1907–1980) ነው። በሶቪየት ኅብረት ግን የአናቶሊ ኡፊምፀቭ ስምም ይታከልበት ነበር።

የእርምጃው ቅደም ተከተል አጭር ነው። ነጭ ኢ4 ሲል ጥቁር በዲ6 ይመልሳል፤ ነጭ ዲ4 ሲያስከትል ጥቁር ፈረሱን ወደ ኤፍ6 ያወጣል፤ ነጭ ፈረሱን ሲ3 ላይ ሲያቆም ጥቁር ጂ6 ይጫወታል። ቀጥሎም በሰያፍ የሚሄደው ጳጳስ ጂ7 ላይ ይቀመጣል፤ ንጉሡም በካስሊንግ ከኋላው ይጠለላል። ጥቁር እስከዚህ ድረስ አንድም ጠጠር ከራሱ ሦስት ረድፎች አላሳለፈም።

ለጀማሪ ይህ ሽሽት ይመስላል። ሐሳቡ ግን ነጭ ወታደሮቹን ወደ ፊት በሰደደ ቁጥር ብዙ የሚጠበቅ ቦታ ይኖረዋል የሚል ነው። ጂ7 ላይ ያለው ጳጳስ ከሩቅ መሃሉን ያነጣጥራል፤ ጥቁርም ጊዜውን ጠብቆ በሲ5 ወይም በኢ5 ይመታል። የትኛውን እንደሚመርጥ የሚወስነው የነጭ አሰላለፍ ነው። ነጭ በኤፍ4 «የኦስትሪያ ጥቃት» የሚባለውን ከከፈተ ብዙውን ጊዜ ምላሹ ሲ5 ነው፤ በእርጋታ ከተሰለፈ ኢ5 ይዘጋጃል። በአገራችን ነባር ሰንጠረዥ የመጀመሪያው ምዕራፍ «ወረራ» ይባላል፤ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ። ያን የለመደ ሰው የባላጋራን አሰላለፍ እያዩ የራስን ማስተካከል ምን እንደሆነ አያጣውም።

ቦቢ ፊሸር በ1972 ሬይክያቪክ ላይ ከስፓስኪ ጋር ባደረገው የዓለም ሻምፒዮና 17ኛ ጨዋታ ይህንኑ መከላከያ ተጠቅሞ አቻ ወጥቷል። በ1999 ቬይክ አን ዜ ላይ ግን ቶፓሎቭ በዚሁ አጀማመር በካስፓሮቭ ተሸንፏል፤ የጥቁር ንጉሥ እየተነዳ እስከ ነጭ የመጀመሪያ ረድፍ የደረሰበት ይህ ጨዋታ ዛሬም ይጠናል።

የመከላከያውን አደጋ ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ግን በ1978 በፊሊፒንስ ባጊዮ ከተማ የተካሄደው የካርፖቭና የኮርችኖይ ፍልሚያ ነው። ዘውዱ ቀድሞ 6 ጨዋታ ላሸነፈ ነበር። ኮርችኖይ 5 ለ2 ከመመራት ተነሥቶ 5 ለ5 አደረሰ፤ በ32ኛው ጨዋታም ጥቁርን ይዞ ፒርትስን መረጠ። በስድስተኛው እርምጃ በሲ5 ሲመታ ካርፖቭ ወታደሩን አልበላም፤ የራሱን ወደ ዲ5 ገፍቶ መሃሉን ዘጋ። የጥቁር ጠጠሮች ከዚያ በኋላ መፈናፈኛ አነሳቸው፤ እርስ በርሳቸውም መንገድ ተዘጋጉ። ለቅቀውት የነበረውን ቦታ ማስመለስ አልተቻለም። ጨዋታው ተቋርጦ ካደረ በኋላ ኮርችኖይ ሳይቀጥል እጅ ሰጠ፤ ካርፖቭም 6 ለ5 አሸንፎ ዘውዱን አስጠበቀ።