የኳስን ጨዋታ ሰዓት የሚቈርጠው ማን ነው?

ስለ እግር ኳስ ወሬ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ማን አገባ? ማን አሸነፈ?» እያለ ነው። «ጨዋታው ስለ ምን በዚህ ሰዓት ሆነ? ሰዓቱንስ የቈረጠው ማን ነው?» የሚል ግን ጥቂት ነው። እኛ በዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ይህን ጥያቄ ከታሪኩ ጋር አያይዘን ለመመርመር ወደድን፤ ነገሩ ከሩቅ አገር ቢጀምርም ኮቦ ድረስ የሚዘልቅ ነውና።

በመጀመሪያ ሰዓቱን የሚቈርጡት ፀሓይና ሥራ ነበሩ። በራያ ቆላ ኳስ የሚጫወቱት በማለዳ ወይም ፀሓይ ከበረደ ወዲያ ነው፤ በቀትር ሐሩር ሜዳ የሚወርድ የለም። በእንግሊዝ አገርም የፋብሪካ ሠራተኛ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ያርፍ ስለ ነበር ጨዋታው በዚያ ሰዓት ሆነ። ገንዘቡ የሚገኘው በር ላይ ከፍሎ ከሚገባው ተመልካች ነበርና የሚከበረውም የእርሱ ሰዓት ነበር። አገራችን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድም ጨዋታውን በዐይኑ ያየው አዲስ አበባ ስታዲየም የተገኘው ሰው ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ከዚያ በኋላ በ1957 ዓ.ም. ነውና።

ቴሌቪዥን ሲመጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የብላክፑልና የቦልተን ጨዋታ በቀጥታ ለሕዝብ እንዲታይ ተብሎ ከተለመደው ሰዓት ወደ ምሽት ተዛወረ። ክለቦቹ ግን ሰው ቤቱ ተቀምጦ እያየ ሜዳው ባዶ እንዳይቀር ፈሩ፤ ውሉም ብዙ ሳይቈይ ፈረሰ። ኋላም ትንንሾቹ ክለቦች ተመልካች እንዳያጡ ሲባል፥ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በተለመደው ሰዓት የሚደረግ ጨዋታ በዚያ አገር በቀጥታ እንዳይታይ ተከለከለ።

በ1962 እና በ1978 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ በሜክሲኮ ሲደረግ አያሌ ጨዋታዎች በቀትር ተጀመሩ። ምክንያቱም የሜክሲኮ ቀትር ለአውሮፓ ምሽት በመሆኑ ነው። ተጫዋቹ በሐሩር ሲቃጠል ተመልካቹ እራቱን በልቶ በቤቱ ይመለከት ነበር። የቆላ ልጅ ይህን ሲሰማ ነገሩ ምን ማለት እንደ ሆነ አስረጂ አያሻውም።

ከሁሉ የበለጠው ለውጥ የመጣው በ1984 ዓ.ም. የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሲቋቋም ነው። ስካይ የተባለው ቴሌቪዥን ከቢቢሲ ጋር ሆኖ የ5 ዓመቱን መብት በ304 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ። ነሐሴ 10 ቀን እሑድ፥ በማግስቱም ሰኞ ማታ ጨዋታ ታየ። ከዚያ ወዲህ መርሐ ግብሩ በቴሌቪዥን ምክንያት ከቅዳሜ ወደ እሑድ፥ ወደ ሰኞ፥ ወደ ዐርብም ይዛወራል፤ ከሩቅ ከተማ ክለቡን ተከትሎ የሚሄድ ደጋፊም ሌሊት መመለሻ ባቡር ያጣል።

ወደ ኮቦ እንመለስ። በከተማችን ሰው «ዲኤስቲቪ ቤት» በሚላቸው ቤቶች ደጋፊ ጥቂት ብር ከፍሎ ይገባል። በእንግሊዝ አገር በቀጥታ እንዳይታይ የተከለከለው የቅዳሜ ጨዋታም እዚህ ይታያል! በጥቅምት መጀመሪያ በ11 ሰዓት የሚጀምር ሲሆን ወሩ ሳያልቅ እነርሱ ሰዓታቸውን ስለሚለውጡ በእኛ 12 ሰዓት ይሆናል። ወፍ በማሽላ ላይ የሚያርፈው ደግሞ በማለዳና ወደ ማታ ነው፤ ስለዚህ ማማ ላይ ወጥቶ የሚጠብቅ ልጅ በ11 ሰዓት ልቡ ለሁለት ይከፈላል። የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫማ ክረምታቸው ሲገባ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ይጀምራል፤ ተማሪው በማግስቱ ጧት በክፍል ውስጥ ያንቀላፋል።

የራሳችንም ሊግ ከዚህ አላመለጠም። ወልዲያ፥ ከኮቦ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በ2009 ዓ.ም. ከ25 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም አገኘች፤ በዚያና በተከታዩ ዓመት ክለቧ በፕሪሚየር ሊጉ ይጫወት ስለ ነበር የራያ ሰው በመኪና ሄዶ ሊያይ ይችል ነበር። በ2013 ዓ.ም. ሊጉ ለ5 ዓመት ከዲኤስቲቪ ጋር ውል ገባ፤ ዋጋውም 68 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚደርስ ተነገረ። የኮሮና በሽታም ነበረና፥ ካሜራውም ከቦታ ቦታ እንዳይንከራተት፥ ክለቦቹ ሁሉ በአንድ ከተማ ተሰብስበው ለሳምንታት ይጫወቱ ጀመር፤ አዲስ አበባ፥ ጅማ፥ ባሕር ዳር፥ ድሬዳዋና ሐዋሳ ተራ በተራ አስተናገዱ። በዚያው ዓመት ፋሲል ከነማ ዋንጫውን ሲወስድ በከተማው በጎንደር አንድም የሊግ ጨዋታ አላደረገም።

በእርግጥ ጥቅሙን መካድ አይገባም። ክለቦች ገንዘብ አገኙ፤ ስታዲየም ሄዶ የማያውቅ የቆላ ገበሬ የአገሩን ተጫዋች በዐይኑ አየ። ነገር ግን ከዚህ ታሪክ የተማርነው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሰዓቱን የሚቈርጠው ዋጋውን የከፈለው ነው። በር ላይ ከፍሎ የሚገባው ሰው ድርሻ ባነሰ ቍጥር ድምፁም አብሮ ያንሳል። እንግሊዞች ትንንሾቹን ክለቦች ለመጠበቅ ሕግ እንዳወጡ ሁሉ፥ የእኛም ሊግ ውል ሲዋዋል የጎንደርንና የወልዲያን ደጋፊ ቢያስብ መልካም ነው።

እኛ ተማሪዎችም የለንደንን ሰዓት ልንለውጥ አንችልም፤ የጥናታችንንና የእንቅልፋችንን ሰዓት ግን ለማንም አልሸጥነውም። ወላጆችና መምህራን ሆይ፤ ፀሓይ ሲበርድ በ10 ሰዓት ወደ ትምህርት ቤታችን ሜዳ ብቅ በሉ። በዚያ ካሜራ የለም፤ ሰዓቱን የምንቈርጠው እኛ ነን።