አባቷ ስላልታወቀው ስለ ሲስሊ ጆርዳን

እንግሊዞች በሰሜን አሜሪካ ቨርጂንያ የሚባለውን ቅኝ አገር በመሠረቱበት ዘመን ከኖሩት ሴቶች አንዲቱ ሲስሊ ጆርዳን ናት። ዛሬ በአሜሪካ ብዙ ቤተ ሰቦች ትውልዳቸውን ሲቈጥሩ ከርስዋ ይደርሳሉ፤ ዳሩ ግን የርስዋ አባት ማን እንደ ሆነ እስካሁን አልተረጋገጠም።

እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1625 ሕዝቡ በተቈጠረ ጊዜ፥ ዕድሜዋ 24 ዓመት መሆኑና በልጅነቷ «ስዋን» በተባለ መርከብ መምጣቷ ተጻፈ፤ ስሟ ግን የተጻፈው በሟች ባሏ በሳሙኤል ጆርዳን ስም ነው። በእንግሊዞች ልማድ ሴት ባል ስታገባ የአባቷን ስም ትተዋለችና።

ባሏ በ1623 ከሞተ በኋላ ግሬቪል ፑሊ የሚባል የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ልታገባኝ ቃል ሰጥታለች ብሎ ከሰሳት፤ እርስዋም ክሱን ተቃወመች፤ በኋላም ዊልያም ፋራርን አገባች። ስለዚህ ክርክር ብዙ ምስክርነት ተጽፎ ቀርቷል፤ ከዚያ ውስጥ ግን የአባቷ ስም አይገኝም። ከጊዜ በኋላ አንዳንድ ሰዎች ሬይኖልድስ የሚባል አባት ሰጧት፤ የሚያስረዳ ጽሑፍ ግን አላመጡም።

ግምት በመጽሐፍ ስለ ተጻፈ እውነት አይሆንም። የጠፋውን ስም ባዶ ትቶ ማለፍ፥ ያልወለደን ሰው አባት ብሎ ከመጥራት ይሻላል። በእኛ አገር ሴት ባገባች ጊዜ የአባቷን ስም አትተውም፤ ለጋብቻም ዝምድና እስከ ሰባት ቤት ሲቈጠር በእናት በኩልም ይቈጠራል። ስለዚህ ካህናት በጥምቀት መዝገብ የእናቲቱን ስም ከነአባቷ ይጻፉ፤ ወላጆችም የአያቶችን ስም ለልጆቻቸው ያስተምሩ። ዛሬ አንድ መስመር የተጻፈ እንደ ሆነ፥ ከብዙ ዘመን በኋላ የሚመጣው ትውልድ በግምት አይደክምም።